ወፍራሙን ድምፅ የያዝን ሰዎች

የምሄድበት ዋዜማ ማምሻውን አባቴ መስኮቱን ዘጋና ጋቢ ሰቀለበት። በዚያ ዘመን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ መስኮቱ ላይ ጋቢ የሚሰቅል ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ብርድ የፈራና መዘመር ያማረው። እኛ ሁለቱንም ነበርን። ጸሎት ቤታችን በካድሬዎች ከታሸገ ሰንብቷል፤ መዘምራን ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበሩ እህል ተከምሮበታል። እማዬ ቀጭኑን ድምፅ ያዘች፣ አባቴና እኔ ወፍራሙን፣ ሦስታችንም በሹክሹክታ። ወፍራም ድምፅ በሹክሹክታ መዘመር ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

አባቴ ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው አንድ መዝሙር ነበር። እማዬ ብቻዋን ትጀምረዋለች፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ስባ ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ብቻውን ይገባና እሷን ከታች ይቀበላታል። አባቴ እዚያች ቦታ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። «ቤት የገባ ሰው ምሰሶውን አያይም፤ ጣራው ሲዘም ነው የሚያየው። አንተ ብቻ ያዝ» ይለኝ ነበር። ያን ምሽትም ይህንኑ ብሎ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ።

የምሄደው በኪነት ነበር። የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን የምጫወት እኔ ስለነበርኩ፣ ወዳጅ አገር ሄዶ ሙዚቃ የሚማር ሰው ሲፈለግ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ጸሎት ቤቱን ላሸጉ ሰዎች መጫወቴ አባቴን ያሳዝነዋል ብዬ ስፈራ፣ «ግጥሙ የእነሱ ነው፣ ጆሮው ግን ያንተ ነው» ብሎ አሳረፈኝ። ንጋት ላይ አውቶቡሱ ሲሞላ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ወጥተው ዳቦ ቆሎ በኪሴ ጨመሩልኝ። ጋሽ ሸምሱ ጎረቤታችን ናቸው፤ የጉራጌ ነጋዴ፣ ሰላታቸውን የማያዛንፉ ሙስሊም፣ ከከተማዋ ጥቂት ስልኮች አንዱ ያለው በእሳቸው ሱቅ ነው። «ስትደርስ እዚህ ደውል፤ እናት አባትህን እኔ አስጠራቸዋለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ እናንተ አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደ እኔ በየባቡር ጣቢያው የተበተናችሁም፣ ምሥራቅ ጀርመን ስደርስ የሆነውን ስሙኝ። የሆሳዕናን ጭጋግ የለመድኩ ሰው ነኝና ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ የእኛ ብርድ እንግዳ ነው፣ የእነሱ ባለቤት። ምግባቸው ድንች ነው፤ ሲያልፍላቸው ድንች በሥጋ። ጥቁር ዳቦአቸውን ስቀምስ ግን ኮምጠጥ ብሎ ቆጮን አስታወሰኝና ቁራሹን በጉንጬ ይዤ ለመዋጥ ሳሳሁ።

ትምህርት ቤቱ ፈታኞች ፊት አቆመኝ። አስተርጓሚዬ ከእኔ ቀድሞ የመጣ የጎንደር ልጅ ነበር፤ ከአገርህ አንድ ነገር ዝፈን ይላሉ አለኝ። የኪነቱን ልዘፍን አፌን ከፈትኩ፤ በድንጋጤ የመጣልኝ ግን የአባቴ መዝሙር ነው። እማዬ የምትጀምርበትን ያህል ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ፈታኞቹ ተያዩ። ቦታዬ ሲደርስ ገባሁ፣ ሁለት ሦስት ድምፅ ያዝኩ፣ ደግሞ ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

«ዜማውን ዝፈነው እንጂ» አለኝ የጎንደሩ ልጅ።

«እየዘፈንኩት ነው።»

«ይሄማ መቃተት ነው።»

ቀጭኑን እንደማላውቀው የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ዘንድ ድምፅ እንደ መሬት ነው፤ የተሰጠህን ታርሳለህ፣ የጎረቤትህን አትነካም። ከእማዬ ጋር ያን ያህል ዘምሬ፣ እሷ የምትለውን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድም ቀን በአፌ ይዤው አላውቅም። ጠፋሁ አልኩ፤ በመጣሁበት አውሮፕላን መመለሴ ነው ብዬ አፈርኩ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጀርባቸው የጎበጠ ሽማግሌ፣ የቀረውን ማን ነው የሚዘፍነው ብለው አስጠየቁኝ። እናቴ አልኩ። የት ናት? ሆሳዕና። ሽማግሌው አልሳቁም። ብድግ ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ።

ኮንትራባስ የሚባለውን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው። ከእኔ የሚረዝሙ ቡናማ ነገሮች፣ ለስብሰባ የተጠሩ ሽማግሌዎች መስለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እኚያ ሰው አንዱን አቅፈው ደጋኑን ወፍራሙ ክር ላይ አሳረፉት። ድምፁን በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ በእግሬ ነው የገባው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ በእግሬ አልፎ ደረቴ ድረስ ወጣ። ልጅ ሆኜ አባቴ ደረት ላይ ተኝቼ ሲያዜም የሚሰማኝ ያው ነበር። አለቀስኩ፤ የጎንደሩ ልጅም አገሬ ናፍቆኝ መሆኑን ነገራቸው፤ አልተሳሳተም።

ኮንትራባሱን እሳቸው ዘንድ ተምሬ ጨረስኩና ከከተማ ከተማ የሚዞር ኦርኬስትራ ውስጥ ገባሁ። አገር ቤት ወሬው እስር ወይም ጦር ግንባር ነበር፤ አባቴም በስልክ «እኛ ደህና ነን፣ አንተ እዚያው ሁን» ይለኛል። ቤት ልከራይ ስሄድ ፍራው ሆፍማን፣ በእኛ አባባል ወይዘሮ ሆፍማን፣ የሚባሉ አሮጊት በሩ ላይ ቆመው ኮንትራባሱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ለሁለት አላከራይም» አሉ።

«እሱ አይበላም።»

«ይጮሃል ግን። ባለቤቴም እንዲሁ ነበር፤ ትንሽ ይበላል፣ ብዙ ይጮሃል።» እንዲያ ብለው አስገቡኝ። ልምምድ ስጀምር ኩሽናቸው ያሉት ብርጭቆዎች አብረውኝ ይንቃጨላሉ፤ እሳቸውም በመጥረጊያ እጀታ ግድግዳውን እየመቱ ምቱን ይጠብቁልኛል።

ድንበር ላይማ ሌላ ጉድ ነው። ያ አገር ሰው እንዳይወጣበት አጥር ያጠረ ነውና፣ የኮንትራባሱን ሳጥን ያየ ወታደር ሁሉ ዓይኑ ይፈጥጣል። አንዱ በጣቱ አንኳኩቶ፣ «ውስጡ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «ታዲያ ለምን ከበደ?» የሙዚቃ መሣሪያ ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም፤ አስከፈተኝ። እማዬ በሰው የላከችልኝን የቃጫ ገመድ፣ እኔ ኮንትራባሱን የማስርበትን፣ እያገላበጠ አሸተተው። ከምን እንደተሠራ ሲጠይቀኝ ከምንበላው ተክል፣ ከእንሰት አልኩት። የሚበላ ገመድ ያለው አገር አልሰማም ብሎ አሳለፈኝ።

ከሁሉ ግን አፌን ያስከፈተኝ አንድ እሑድ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሰማሁት ነው። በድሮ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሳልፍ መዝሙር ሰማሁ፤ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ በሙሉ ድምፅ። የእኛዎቹን ካድሬዎች ያስተማረ አገር ውስጥ። መስኮቱን ቀና ብዬ ሳይ ክፍት ነው፣ ምንም አልተሰቀለበትም። ሰው እንደዚህ መዘመር ይችላል ብዬ እየተገረምኩ፣ ልምምዱ አምልጦኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በየዓመቱ ያሆዴ ሲመጣ፣ ሀድያ ሁሉ ዓመቱን በጭፈራ ሲቀበል፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ እደውላለሁ። ስልኩን ያነሡና፣ «ያ ግንድህ አሁንም አልተፈለጠም?» ብለው በኮንትራባሴ ይስቃሉ። ከዚያ አባቴና እማዬ ይመጣሉ። እኔ ሁልጊዜ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እማዬ ቀጭኑን በስልክ ታሰማኝ፣ ልማረው። እሷም ሁልጊዜ፣ «ሱቅ ውስጥ? ሰው አለኮ» ትላለች። የቀበሌው ሰው ስኳር ሊገዛ ይገባል ማለቷ ነው። አባቴ ስልኩን ይቀበላትና «በል ያዝ» ብሎ ይዘጋል።

የመጨረሻውን ጊዜ የደወልኩት ለኮንሰርት ከሄድንበት ከተማ ፖስታ ቤት ነው። ኮንትራባሱን ከስልኩ ክፍል መስታወት ውጭ በቃጫው አስሬ አቆምኩት። ጋሽ ሸምሱ አነሡ፤ ስለ ግንዴ አልጠየቁኝም። «እናትህ መጣች፣ ልጄ» ብቻ አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

እማዬ ብርዱን ጠየቀችኝ፣ መብላቴን ጠየቀችኝ። አባዬስ አልኳት።

«ዱራሜ ሄዷል። ሰው ሊጠይቅ።»

ጉልበቱ ከታመመ ጀምሮ አባቴ እንኳን ሌላ ከተማ፣ ገበያም አይወጣም። ይህን ልላት ስል የሱቁ በር ሲዘጋና መወርወሪያው ሲገባ በስልኩ ሰማሁ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ በሰው በሚጠብበት ቀን። ከዚያ እማዬ ሳልለምናት ዘመረች። በሹክሹክታ አይደለም። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ያልሰማሁት ሙሉ ድምፅዋ ነው፤ እናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ረስቼው ኖሯል። እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ስባ ዝም አለች።

ጠበቅኩ። አባቴ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። መስመሩ ብቻ ይንሿሿል።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጣሉ፣ ዘመድ ይከብሃል፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገርህ። ወደ እኔ የሚመጣ ሽማግሌ አልነበረም፤ እናቴ የምትልከው ዘመድ እዚህ አልነበራትም።

«የአባትህ ቦታ ነው፣ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንግዲህ አንተ ያዘው።»

ያዝኩት። እዚያው ቆሜ፣ ቴምብር ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አባቴ ብቻውን ይይዘው የነበረውን ብቻዬን ያዝኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልለቀቅኩትም። እማዬ ከላይ ገባች። ሁለታችንም አብረን ሄድን፣ እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ፣ ባሕርና በረሃ በመሃላችን እያለ፤ ልክ መጨረሻው ሊደርስ ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባም። ማታ ኮንሰርቱ ላይ ኮንትራባሱን አቅፌ፣ አባቴን ይዤ ቆምኩ። የመዝሙሩን መጨረሻ ግን፣ ያን እማዬ የምትዘጋበትን ቀጭኑን፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።