ሲሚንቶው ሳይደርቅ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። «አክስቴ፣ ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ሰሌዳ ፎቶ ነው። ዝገቱ የፊደሉን እኩሌታ በልቶታል። ለጥናት ወረቀቷ የጠፋውን እንድሞላላት ነበር የፈለገችው። መነጽሬን ልፈልግ ብዬ ተነሳሁና ጓዳ ገብቼ ቆየሁ። መነጽሬ አንገቴ ላይ ነበር።

ሰሌዳውን ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር አሶሳ ያለው የባህል ቢሯችን ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና ብዙ ተስፋ ነበረው። አባቴ ከወለጋ መጥቶ ባምባሲ በንግድ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ የመንግሥት ሥራ ስይዝ በግ አረደ። የአካባቢው ታሪክ በየመንገዱ ዳር በሰሌዳ ይጻፍ ሲባል፣ እጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ሥራው ለኔ ደረሰኝ። ሽማግሌ አነጋግሬ፣ ጽሑፉን አርቅቄ፣ አስፀድቄ፣ በቀለም እጽፋለሁ። ኩራቴ አይጣል ነው! በአሶሳ ገበያ ሳልፍ ሰው ሁሉ መንገድ ቢለቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰሌዳው የሚቆምበት ቦታ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሕፃናት ሳሉ፣ ሰው እየታደነ በሚሸጥበት ዘመን፣ ከየቤቱ የተያዙት ተነድተው የሚያድሩት ከዚያ ዛፍ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለፈ አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥሩ ታሪክ አገኘሁ ብዬ ደብተሬ ላይ አሰመርኩበት።

ወሩ ግንቦት ነው። ማንጎ በየመንገዱ ተደፍቶ እጃችን በጭማቂ ይጣበቃል፤ በምዕራብ በኩል ደመና ማንዣበብ ጀምሯል። በማግሥቱ ሰሌዳውን የሚመርቁ ባለሥልጣናት ይመጣሉ ተብሏል፤ ድንጋይ የሚያመጣልን መኪና ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። አብሮኝ የመጣው ግንበኛ ጋሽ አያና ጉድጓዱን ቆፍሮ ሲጠብቅ፣ ከዛፉ ሥር የተከመሩ ጭብጥ ጭብጥ የሚያክሉ ድንጋዮች አየሁ።

«ጋሽ አያና፣ ይኸው ተገኘ!» አልኩ።

«ሰው የከመረው ይመስላል እኮ» አለ።

«የመንገድ ሠራተኞች ትራፊ ነው።»

ድንጋዮቹን እያቀበልኩት ጉድጓዱን ሞላው፣ ሲሚንቶ አፈሰሰበት፣ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ሐሊማ መጡ። ጽሑፉን ላዘጋጅ ስመላለስ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ያበሉኝ የበርታ ብሔረሰብ እናት ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት ያምታታል። ሰሌዳውን ቀና ብለው አላዩትም። ከዛፉ ሥር ባዶውን መሬት አዩ።

«ድንጋይ የት ሄደ?» አሉኝ።

«መሠረቱ ውስጥ ገባ፣ እማማ» አልኩ፣ ፈገግ ብዬ።

መሬት ላይ ተቀመጡ። «ድንጋይ አይደለም» አሉ። «ሰው ነው።»

ቀስ በቀስ ገባኝ። ሰው የተነዳበት ቤት መቃብር ስለሌለው ለሄደበት ሰው አንድ ድንጋይ እዚያ ያኖር ነበር። ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ቤተሰቡ መጥቶ ድንጋዩን በውሃ ያጥበዋል፣ በሰውዬው ስም ይጠራዋል። ከድንጋዮቹ አንዱ የእማማ ሐሊማ ታላቅ እህት ነበረች።

«እኔ ትንሽ ነው። እህቴ በጀርባ ያዝለኛል። እሱ ሄደ፣ እኔ ቀረ» አሉኝ። «እናቴ ሊሞት ሲል፣ እህትሽን እጠቢ አለኝ።»

ስሟንም ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

ጋሽ አያና ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶውን በጣቱ ነካ። «ገና ነው» አለኝ። «አሁን ብንቆፍረው ይወጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ መልቀሚያ ጊዜ ነበረኝ። ደመናውን አየሁ፣ ነገ የሚመጡትን ሰዎች አሰብኩ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ መሆኑን አሰብኩ፣ ፈራሁ። «ነገ ምረቃ ነው፣ አይሆንም» አልኩት። ወደ እማማ ሐሊማ ዞሬም፣ «ይሄ ሰሌዳ ለእህትዎም ጭምር ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ያን ጊዜ ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩት። ማንበብ አይችሉም። «ስሙ አለ?» አሉ።

«የለም።»

«ጻፍ።»

«የፀደቀ ጽሑፍ ነው፣ እማማ። ቢሮ ጠይቄ እመለሳለሁ።»

«እሺ። ጠይቅ» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ከተነሡ በኋላ ጋሽ አያና ቦታውን ሊያለሰልስ የግንበኛ ማንኪያውን አነሳና ተወው።

በማግሥቱ ተጨበጨበ፣ እኔም ተመሰገንኩ። ቢሮውን አልጠየቅኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ዛሬ ነገ አልኩ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ። እማማ ሐሊማ ማረፋቸውን ከሁለት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ሰማሁ። ልጅ አልነበራቸውም።

ከጓዳ ወጥቼ የጠፋውን ጽሑፍ ለወንድሜ ልጅ በቃሌ ነገርኳት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ቃል አልሳትኩም። እሷም ጽፋ ስትጨርስ፣ «ከተወሰዱት ውስጥ ስሙ የሚታወቅ ሰው አለ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም። የማንጎው ጭማቂ፣ የጋሽ አያና ማንኪያ፣ የእማማ ሐሊማ መዳፍ ሁሉም አለ፤ ስሙ ብቻ የለም። በሚቀጥለው ቀን ወደ መንደሩ ደውዬ አስጠየቅኩ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። ያችን ልጅ ነድተው የሸጧት ሰዎች ስሟን ሊወስዱባት አልቻሉም ነበር። እናቷና እህቷ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቀው አቆይተው ለኔ ሰጡኝ፤ እኔ ጣልኩት።