ለወርቅነሽ ያልነገርኳት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረቴ ይኸው ብቻ ነው።

አባቴ ራሱን አጥፍቶ ነው የሞተው። እናቴ ካረፈች በኋላ እዚህ ዲላ እኔ ቤት ነበር የሚኖረው። «ቆየሁባችሁ እኮ ልጄ» ይለኝ ነበር። እኔስ ምን አልኩት? «አንተማ ገና እኛን ትቀብራለህ!» ብዬ ሳቅሁበት። ስንቴ ሳቅሁበት!

ያን ጠዋት ሞቶ ሳገኘው መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም፤ ስለ ፍትሐቱ ነበር። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም ይባላል። ስለዚህ ለቄሱም ለእድሩም «ልቡን ያመው ነበር» አልኩ። ማንም አልመረመረኝም። ወጣት ራሱን ሲያጠፋ ከተማው ይንጫጫል፣ ምን ጎደለው ይባላል፤ ሽማግሌ ሲሞት ግን «ዕድሜ ጠግቦ ነው» ተብሎ ንፍሮው ይበላል። እኔም እዚያ ውስጥ ተሸሸግሁ። ይህን ውሸቴን እግዜር ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ግን እንጃ።

ጋሽ በየነ የአባቴ የዳማ ጓደኛ ነበሩ፤ ከቡሌ የመጡ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ዳማውን ተዉት። አንድ ቀን ልጃቸው ወርቅነሽ ሱቄ ድረስ መጣች።

«እህቴ፣ አባዬ እህል ትቷል። በቃኝ፣ ሸክም ሆንኩባችሁ ይላል። ያንቺ አባት እንዲህ ይሉ ነበር እንዴ?»

የማውቀው እኔ ነበርኩ። እኔ ብቻ! «አዎ ይል ነበር፤ ብቻቸውን አትተያቸው» ብላት ምን ነበረበት? ግን ወሬው ቄሱ ጆሮ ቢደርስስ፣ የአባቴ ስም ቢነሳስ ብዬ ፈራሁ።

«ኧረ የሽማግሌ ወግ ነው፤ ሁሉም ይላል። አታስቢ» አልኳት።

«ተመስገን! ልቤ አረፈ» ብላ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጋሽ በየነ ሞቱ። ወርቅነሽ ለለቀስተኛው ሁሉ «ድንገት ነው» ስትል ዋለችና ሰው ሲቀንስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ራሱን ነው ያጠፋው። ለማንም እንዳትነግሪብኝ። አንቺስ ታድለሻል፤ አባትሽ በሰላም ነው የሄዱት።»

እኔም አቀፍኳት።

ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም። ለሞተው አባቴ ስም ስል በሕይወት ያለ አባቷን አሳጣኋት። ይቅርታውን ከእናንተ አልጠይቅም፤ መጠየቅ ያለብኝ እሷን ነው። እሷ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ አቅፋ ትስመኛለች፤ እኔም ጉንጬን እሰጣታለሁ።