የደወል ሠሪው ልጅ አልሞተችም

የአክስቴ ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል፤ ከነዳጁ ይልቅ ፍሬኑን የሚወድ ሰው ነው እያሉ። እሱም አይቀየምም። «የኔን አውቶቡስ የተሳፈረ ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ብሎ ያልፋቸዋል። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው እስኪሞላ ሌሎቹ ሹፌሮች ተሰብስበው ሲሳሳቁ፣ እሱ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ ያነባል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ያው ነው፤ መሪው ቀረ እንጂ መጽሐፉ አልቀረም።

አክስቴ ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከትምህርት ቤት የወጣችው በልጅነቷ ነው። ፊደል ታውቃለች፤ ደረሰኝ ታነባለች፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ታነባለች። መጽሐፍ ግን ጀምራ ጨርሳ አታውቅም። «ሁለት መስመር ሳነብ፣ ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል» ትላለች። ደግሞም አላስፈለጋትም። ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ከምትሰፋበት ሱቅ ያመጣችውን መጋረጃ ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን በእጇ ስትዘመዝም፣ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ቀን ያነበበውን ይነግራታል። አያነብላትም፤ ይነግራታል። ሰውየው ምን እንደመለሰ፣ ሴትየዋ በሩን እንዴት እንደዘጋችበት፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ ልክ ዛሬ አውቶቡሱ ውስጥ እንዳያቸው አድርጎ። በትዳራቸው ብዙ ነገር ጎድሎ ያውቃል፤ ይኼ ግን ጎድሎ አያውቅም። ልጃቸው ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ከመሄዷ በፊት «የሰው ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ እኛ ቤት እማዬ አባዬን ትከፍታለች» እያለች ታስቀን ነበር።

አንድ ዓመት የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ቻሌንጅ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። በየወሩ አንድ፣ ዘመን ያልሻረው የድሮ መጽሐፍ ማንበብ ነው። ፍሬን ተመዘገበ። ተማሪ በተማሪ መሀል አንድ ሽበታም ሆኖ መሰለፉ ደስ አለው። «ከነሱ ጋር ልሽቀዳደም ነው» አላት አክስቴን። «አንተ? በየት በኩል?» ብላ ሳቀችበት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን ሳይጓደል ጨረሰ።

ከዚያ ስለ አንድ የደወል ሠሪ ልጅ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ጀመረ። ልጅቷ ከአባቷ ቤት ወጥታ ወደ ወደብ ከተማ ስትሄድ የሚተርከውን ክፍል ለአክስቴ በነገራት ማግስት፣ ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ወደ ጎን ዘመመ። ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። ቀኝ እጁ ትንሽ ዛለ፤ አንደበቱ ግን ደህና፣ እግሩ ደህና። ጠያቂ ሁሉ «በቀላሉ አለፈላችሁ» አለ። እነሱም እንደዚያ መሰላቸው።

እቤት እንደገባ መጀመሪያ የጠየቀው መጽሐፉን ነው። መስኮቱ ሥር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ማታ ደግሞ እንደ ድሮው መንገር ጀመረ። የደወል ሠሪው ልጅ ወደቡ ከተማ ገብታ ዳቦ ቤት ሥራ አገኘች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው፤ ዳቦው መብሰሉን በመዓዛው ያውቃል። ቆጣ ቆጣ የሚል፣ ልቡ ግን ቂቤ የሆነ ሰው። አክስቴ እንደነገረችኝ እንደዚያ ጊዜ ጣፍጦ ተናግሮ አያውቅም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ረስታ አፍ አፉን ታየዋለች። «ነገ ቶሎ አንብብ፤ የሽማግሌው የእህት ልጅ አላማረኝም» ትለዋለች። «እኔንም አላማረኝም» ይላታል።

ያሳሰባት ቀን ቀን የምታየው ነገር ነው። መጽሐፉን ይዞ ግንባሩን ያሻል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደገና ይገልጣል። ዓይኑ ደክሟል አለች በልቧ። ሳትነግረው ቤተ መጻሕፍት ሄደች።

ዴስኩ ላይ የምትሠራው ልጅ ከወንበሯ ብድግ ብላ አስቀመጠቻት። «እናቴ፣ እነዚህ የድሮ መጻሕፍት በነፃ እኮ አሉ። ደራሲዎቹ ከሞቱ ብዙ ዘመን ስለሆነ የቅጂ መብታቸው አብቅቷል። ስልክዎ ላይ ማውረድ ይችላሉ።»

«በነፃ? በዚህ ዘመን ሰላምታም በነፃ አይገኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። «ይኼ ይገኛል። በጎ ፈቃደኞች እቤታቸው ቁጭ ብለው ያነቡና ድምፃቸውን ቀድተው ያስቀምጡታል። የካርድ ቁጥር አስገቡ የሚል ገጽ ካዩ ግን ዝም ብለው ይውጡ፤ እሱ ሌላ ነው።»

መጽሐፉን ሁለት ዓይነት አድርጋ ጫነችላት። አንደኛው በስክሪን የሚነበብ ነው፤ ፊደሉን በጣት ገፋ ሲያደርጉት እንደ ሱቅ ታፔላ ይተልቃል። ሌላው የሚደመጥ ነው። አክስቴ እንደ ሙሽራ ስጦታ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ተመለሰች። ፊደሉን አተለቀችና ፊቱ ዘረጋችለት። አንዴ አየና መለሰላት።

«ስክሪን ዓይኔን ይወጋኛል።»

«እሺ፣ የሚሰማ አለ።»

«ሌላ ጊዜ።»

አልተከፋችም። የሚሰማውን ሳልቀምሰው አላቀርብለትም ብላ በማግሥቱ ሱቅ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስፌቷን ጀመረች። የምታነበው ሴት ድምፅ ለስላሳ ነው፤ አልፎ አልፎ ታስላለች፣ አንድ ቦታ ላይ ከኋላዋ በር ሲዘጋ ይሰማል። አክስቴ ወደደቻት። ታሪኩንም ታውቀዋለች፤ አባትየው፣ ደወሉ፣ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ። ሁሉም ፍሬን እንደነገራት ነው። ወደቡ ከተማ ሲደርሱ ፈገግ አለች፤ ዳቦ ቤቱ ሊመጣ ነው። አልመጣም። ልጅቷ አንድ ኪራይ ክፍል ውስጥ በሳንባ በሽታ ታመመች፤ ጠያቂ ሳይኖራት ሞተች። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የአባትየው ነው፤ ልጄ ትሰማዋለች እያለ ትልቅ ደወል ሲያቀልጥ ሲያፈስ የሚኖር አባት።

ስፌቱ ጠምሞ ሄዶ ነበር። የሱቁ ባለቤት «ምነው?» ሲላት ነው ያየችው።

የተሳሳተ መጽሐፍ ነው የሰጠችኝ ብላ ቤተ መጻሕፍት ተመልሳ ሄደች። ልጅቷ አመሳከረች፤ ያው ነው። «ዳቦ ቤት የሚባል የለበትም?» ብላ አክስቴ ጠየቀቻት። «የለበትም፣ እናቴ።»

ያን ቀን ማታ ፍሬን እንደወትሮው ጀመረ። ሽማግሌው የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ለልጅቷ ሰጣት። አክስቴ አቋረጠችው። «ቁልፉን ስትቀበል ያለችውን፣ እስኪ ቃል በቃል አንብብልኝ።»

መጽሐፉን አነሣ፤ ገጽ ገለጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ሳይደናቀፍ አነበበላት። ልጅቷ «ቁልፍ ከሚሰጠኝ ሰው ይልቅ በር የሚከፍትልኝ ሰው ነበር የምፈልገው፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም ሆኑልኝ» አለች። አክስቴ ውሃ እንደሚጠማው ሰው ተነሥታ በጀርባው አለፈች። ብርጭቆ ይዛ ቆመች። በዚያች ዘገምተኛ ንባቧ በትከሻው አሻግራ አንድ መስመር፣ ከዚያም ሁለተኛውን አነበበች። አባትየው ከሰል ስለማምጣቱ ነው የሚለው። ልጅቷ ገጹ ላይ የለችም።

«ጥሩ ተናግራለች» አለችው። ወንበሯ ላይ ተመልሳ መዘምዘሟን ቀጠለች።

የሐኪም ቀጠሮው ሲደርስ ለሐኪሟ በሹክሹክታ ነገረቻት። ሐኪሟ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። «አባቴ፣ ስምዎን ይጻፉልኝ።» በዛለ እጁ ጻፈ፤ ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል እንጂ ልክ ነው። ወረቀቱን ወሰደች፣ ትንሽ ሌላ ነገር አወራችው፣ ከዚያ መልሳ ሰጠችው። «ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን ብዙ አየው። «ፊደል መሆኑ ይታወቀኛል» አለ በመጨረሻ። «ምን እንደሚል ግን… አይነግረኝም።»

ዓይኑ ጤነኛ ነው አለቻቸው። የተጎዳው ፊደል የሚለየው የአንጎሉ ክፍል ነው። መጻፍ ይችላል፤ የጻፈውን ማንበብ ግን አይችልም። ይመለሳል ወይ ብላ አክስቴ ስትጠይቅ፣ ሐኪሟ «በልምምድ ትንሽ ትንሽ» ብላ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

ሲመለሱ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጡ። አውቶቡስ መጣ፤ አልተነሡም።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ልጅቷ የሞተች ቀን።»

ዞሮ አያት። «ሞተች እንዴ?»

አክስቴ ይኼን ስትነግረኝ ድምፅዋ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። እሱ ለካ አያውቅም። ካቆመበት ወዲያ መጽሐፉ ምን እንደሚል ከየት ይወቅ? «ወደቡ ከተማ እንደገባች» አለችው። «በሳንባ በሽታ።»

«እኔ ጋ ደህና ነበረች» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ምሽታችንን በምን ልተካው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገር ተወ። ቻሌንጁን ግን አልተወም፤ አክስቴ ለምናው በስልኩ መስማት ጀመረ። «የሰማሁት ያነበብኩት አይደለም» ብሎ ቢከራከርም የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ «ጆሮም ዓይን ነው፣ አባቴ» ብላ ቆጠረችለት። ማታ ማታ ማዳመጫውን ሁለቱም ጆሮዎቹ ላይ ሰክቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። አክስቴ ፊት ለፊቱ ትሰፋለች። አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ እሱ ግን ሌላ አገር ነው። መቀሷን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው የሚያሰማው ድምፅ ያስደነግጣት ጀመር።

አንድ ምሽት ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣችው። «የዳቦ ቤቷን ልጅ ጨርስልኝ።»

«ውሸት መሆኑን እያወቅሽ?»

«መጽሐፍ ሁሉስ ውሸት አይደል? ያኛው የሞተ ሰው ውሸት ነው፣ ይኼኛው የባሌ። የባሌ ይሻለኛል።»

ፈገግ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ወንበሩን አስተካከለ። «ሽማግሌው…» አለ። «ሽማግሌው አንድ ቀን ጠዋት…» እጁን አነሣ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠበቀችው። «አይመጣልኝም» አላት። «አንቺ የማታውቂ መስሎኝ ነበር የሚመጣልኝ።»

አክስቴ ለሐኪሟ የተናገረ አፏን ትረግማለች። እኔም እናቴም ያደረግሽው ትክክል ነው ብንላትም አትሰማንም። «ትክክል መሆኑን ማን ጠፋው» ትለናለች።

ሁለተኛው ስትሮክ ዓመቱ ሳያልቅ መጣ። ይኼኛው አንደበቱንም ወሰደ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ዓይኑ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ግራ እጁ ትንሽ። አክስቴ ደስ ይለው እንደሆን ብላ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካችለት። በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጎትቶ ጣለው። እንደገና ሰካችለት፤ እንደገና ጣለው። ከዚያ አፏን አፏን አየ።

ያኔ ገባት። እሷ ደግሞ መንገር አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰሚ ነበረች። የሱቅ ወሬ ጀመረች፤ ያሰፋችውን መጋረጃ «ቀለሙ ቤት ሲገባ ተቀየረብኝ» ብላ የመለሰችውን ሴት። መጀመሪያውን ከመጨረሻው አስቀድማ ነገረችው፤ ሴትየዋን ምን እንዳስኮረፋት ረሳችና ወደ ኋላ ተመለሰች። «መንገር አላውቅበትም፣ ታየኛለህ» አለችው። አውራ ጣቷን ጨበጠ። ቀጠለች።

በየቀኑ ትነግረዋለች። ወሬ ሲያልቅባት ትፈጥራለች። ለመጋረጃዋ ሴት ባል አመጣችላት፤ ባልየውን መርከበኛ አደረገችው። አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሚስት ሳትቀር «ከዚያስ?» ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መርከበኛው ቤቱ ሊመለስ ሲል፣ ነርሷ መጥታ ትከሻዋን ነካቻት። አክስቴ «አንዴ ቆዪኝ፣ ልጨርስለት» አለቻት። ነርሷ እጇን አላነሣችም።

«ዓይኑ ወደኔ ነበር» አለችኝ በኋላ። «እየሰማኝ መስሎኝ ነው የቀጠልኩት። ከየትኛው ቃል በኋላ እንደሄደ እንኳ አላውቅም።»

ልጃቸው መጥታ ከእኔ ጋር ሁኚ ብላ ለመነቻት፤ እምቢ አለች። መጋረጃ መስፋቷን አልተወችም፤ ሥራ እቤት ይዞ መምጣት ግን ቀረ። ባለፈው ሱቅ ጎራ ስል ሰፊዎቹ ሁሉ ስልኳን መሀል አስቀምጠው አንድ የድሮ መጽሐፍ ሲሰሙ አገኘኋቸው፤ ያቺው አልፎ አልፎ የምታስለው ሴት ናት የምታነበው። አክስቴም ትሰማለች፤ እንዴት በነፃ እንደሚወርድ ለሁሉም ያሳየቻቸው እሷ ናት። ስንወጣ ሌላ መጽሐፍ ልጫንልሽ፣ ምሽት ብቻሽን ስትሆኚ ትሰሚዋለሽ አልኳት።

«ጫኚልኝ» አለችኝ፣ የሱቁን በር ቁልፍ እየፈለገች። «ምሽት ግን አልሰማውም።»