የደበቅሁት ወረንጦ

ቀናተኛ ነኝ፤ ሌላው ሳይለኝ ራሴ ልበለው። ያን ሰሞን የቀናሁት ደግሞ በመዥገር የተነሳ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

ባሌ በሬ ያደልባል። ከጓደኞቹ ጋር በወንፈል፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው፣ ከሐይቁ ዳር ሣር ያጭዳሉ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ይቀመጥልኛል፤ እኔ ከብብቱ፣ ከወገቡ መዥገር እየፈለግሁ በጥፍሬ እነቅላለሁ። የቀኑን ወሬ የሚያወራኝ ያኔ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ዝምተኛ ነው።

ከዚያ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለቀበሌያችን ተመደበች። ረጅም፣ ሣቂታ፤ ጥርሷስ ቢሆን! አጫጆቹን ሰብስባ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ፣ ከሣሩ ስትወጡ እዚያው አንዳችሁ የአንዳችሁን ገላ እዩ አለቻቸው። መዥገሩን ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው የሚስቡበት አንድ ወረንጦም ሰጠቻቸው። ከስንቱ ወንድ መካከል ያዡ ባሌ እንዲሆን መረጠች። እኔ ካልሲ አድርግ ስለው እግሬን ይሞቀኛል ሲል የኖረ ሰው፣ በማግስቱ ሱሪውን ከትቶ ወጣ።

ማታ ሸሚዙን ሳያወልቅ ገባ።

"ዛሬ የለም፤ እዚያው ተነቃቅለን መጣን። እሷ ያለችው እውነት ነው" አለኝ።

እሷ! "ማናት የነቀለችልህ?"

"ኧረ ወላሂ ጓደኛዬ ነው! መዥገሩ ቢለቀኝ አንቺ አልለቅ አልሽ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳምንቱን ሙሉ ንጹሕ ገላውን ይዞ እየመጣ፣ ራቱን በልቶ ዝም። ወሬውን ሁሉ እዚያው ጨርሶት ይመጣል።

አንድ ጠዋት ወረንጦውን ከኪሱ አውጥቼ ከዱቄቱ ዕቃ ሥር ደበቅሁት። ያን ቀን አጫጆቹ ወረንጦ አጥተው ሳይተያዩ ተበተኑ። ባሌ መጥቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ብብቱ ሥር አንድ የተጣበቀ መዥገር አገኘሁ፤ ደስ አለኝ! በእናቴ ልማድ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጌ በጥፍሬ አሽቼ ነቀልሁት። ወሬውንም አወራኝ። ያን ምሽት እንደ ሙሽራ ነበርሁ።

ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ጣለው። በማግስቱ እኔንም መለየት አቃተው። ልጆቼን ያለ አባት ላስቀራቸው ነው ብዬ ወደ ጤና ኬላው፣ ወደዚያችው ልጅ ሮጥሁ።

"መዥገር ነክሶት ነበር? በምን ነቀላችሁት?" አለችኝ።

ጋዙንም፣ ጥፍሬንም፣ የዱቄቱን ዕቃም ነገርኋት። "ለምን ደበቅሽው?" ስትለኝ "ቀንቼብሽ" አልኋት።

ቦርሳዋን አነሳች። "ጋዝ ሲነካው በሽታውን ወደ ሰው ሊተፋው ይችላል፤ ሁለተኛ እንዳታደርጊው። አሁን አብሽሪ እታለም፤ ባጃጅ ጥሪ።"

ጤና ጣቢያ ድረስ አብራን ሄደች። ወባ ነው ሲባል መዥገር እንደነከሰው ለሐኪሙ የነገረችው እሷ ናት።

የመዥገር ትኩሳት መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ ሾርባ ጠጣ። ልትጠይቀው ስትመጣ አንገቱን ደፋ።

"አደራሽን በላሁ፤ ወረንጦውን ጣልሁት" አላት።

እሷ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

"ዕቃ ነው ጋሼ፣ ይጠፋል" አለችው።

እስከዚያ ቀን የቀናሁት በጥርሷና በቁመቷ ነበር። ያን ቀን ግን እንደ እሷ መሆን አማረኝ፤ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ባሌ ዛሬም ለጓደኞቹ "የኔ ዝርክርክነት ነው ያሳመመኝ" ሲል እሰማዋለሁ። እሰማዋለሁና ዝም እላለሁ።