ወንድሜ ሂውስተን ነኝ ያለኝ ቀን

ከደሴ የወጣሁት ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን በዋጠበት ምሽት ነው። ሚኒባሳችን ሲነሳ እማዬ የቱ መኪና ውስጥ እንዳለሁ ጠፍቷት፣ አጠገቧ ሆኜ በመስኮት እያየኋት፣ ለሌላ ሚኒባስ እጇን ታውለበልባለች። "ኧረ እማዬ፣ እዚህ ነኝ!" ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ! አንዲት የማላውቃት ሴት የእኔን ስንብት ተቀብላ ወደ ወልድያ ሄደች። እኔ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደዚህ።

እኛ የደሴ ልጆች ሰማይ የምናነበው ከተራራ ነው። ጦሳ ደመና ካጠለቀ የተሰጣ ልብስ ይሰበሰባል፣ አለቀ። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ስመጣም በዚህ በኩል አልተቸገርኩም። ተራራው በምዕራብ ቆሟል፣ ደመናው ከዚያ ይመጣል፣ በረዶውን አራግፎ የሰው መኪና ጠቃጥቆ ወደ ካንሳስ ይሄዳል። አየሩ ግን ሲደርቅ አይጣል ነው፤ እንጀራ ሳትሸፍኑ ስልክ ካነሳችሁ ስትመለሱ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ዲቪ ደርሶት መጣና ፒዮሪያ ስትሪት ባለችው አፓርታማዬ አብረን መኖር ጀመርን። ትራክ ይነዳል። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ፓርክ ያደረገ ዕለት የሕንፃው ማኔጀር በሬን አንኳኳች።

"የኪራይ ውልሽ ላይ ስንት ሰው ነው ያለው?"

"ሁለት።"

"ታዲያ ይኼ ውጭ አራት ቦታ ይዞ የተኛው ማነው?"

ምን ትመልሳላችሁ? ትራኩን ሌላ ቦታ እያቆምን ኖርን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን መኪናው ሳይሆን መንገዱ ነው። ሀሪኬን በሚሉት የባሕር ማዕበል ወቅት ወደ ባሕሩ ዳር ጭነት እንዳይዝ በማርያም አስማልኩት። እሱም ማለልኝ።

ባለፈው ነሐሴ ከቴክሳስና ከሉዊዚያና በታች ባለው ባሕር ላይ አንድ ትልቅ ሀሪኬን ተነሳ። ቴሌቪዥኑ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቴክሳስ ነው የሚሄደው ይላል። ዳዊት ጋ ስደውል "ሂውስተን ነኝ፣ አታስቢ" አለኝ። አታስቢ! መሐላውን አፍርሶ፣ የቴክሳስ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ አታስቢ ይለኛል።

ከሥራ ቀርቼ የሳተላይቱን ምስል ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩ። መጀመሪያ ደመናውን ነበር የምከተለው። የላይኛው ጠርዝ ወደ ምዕራብ ይሮጣል፣ የታችኛው ወደ ምሥራቅ፣ ዞረብኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ሽሮ ሲማሰል አረፋው ይሽከረከራል እንጂ ድስቱ የትም አይሄድም። ድስቱ መንቀሳቀሱን ለማወቅ መሐሉን ነው ማየት። የማዕበሉም መሐል ዓይን አለው፣ ጥቁር ቀዳዳ። ጥፍር ቀለሜን አምጥቼ አዲስ ምስል በመጣ ቁጥር ዓይኑ ያለበት ቦታ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ አደረግኩ። የምስሉ ሰዓት የግሪንዊች ነው፤ ለዴንቨር የበጋ ሰዓት ስድስት መቀነስ ነው። ስድስት መቀነስ ደግሞ ለሐበሻ ምን ይቸግራል!

ነጠብጣቦቹ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሲሄዱ ቆዩና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ታጠፉ። ቴክሳስን ተዋት ማለት ነው! እየዘለልኩ ደወልኩ።

"ዳዊትዬ፣ አንተ ጋ አይመጣም! እረፍ፣ ተኛ!"

"እርግጠኛ ነሽ እቴቴ?"

"ሂውስተንን አይነካትም አልኩህ እኮ!"

"በቃ ተኛሁ" ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት ብደውል አያነሳም። ደግሜ ብደውል የለም። ሥራ የሚሰጠው ዲስፓቸር ጋ ደወልኩ።

"ሾፌሩ የት እንዳለ ለፕራይቨሲ ሲባል መናገር አልችልም" አለኝ።

"የት እንዳለማ አውቃለሁ። ሂውስተን ነው።"

"ሂውስተን? ኖ ኖ፣ ኒው ኦርሊንስ አጠገብ ነው። ጭነቱን አራግፎ እረፍት ላይ ነው።"

"ፕራይቨሲ አላልክም እንዴ?"

"እውነትሽን ነው። ምንም አልነገርኩሽም።"

ኒው ኦርሊንስ፣ ሉዊዚያና! ነጠብጣቦቼ በቀጥታ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። እኔው ነኝ ተኛ ያልኩት! ባዶ ትሬለር ነፋስ ሲያገኘው ይገለበጣል፣ ሰውየው ደግሞ ጋቢናው ውስጥ ተኝቷል። ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምናገረው? እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ ደጋግሜ ስደውልለት፣ በመጨረሻ በእንቅልፍ ድምፅ "ሃሎ" አለ።

"የት ነህ?"

"ሂው..."

"ዳዊት! የት ነህ?"

"ኒው ኦርሊንስ ካልኩሽ የድሮው ጎርፍ ትዝ ብሎሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እቴቴ፤ ወደ ቴክሳስ መባሉንም አልሰማሁም ነበር" አለኝ። "ሂውስተንን ካልነካ ከዚያ አልፌ ወደ ምሥራቅ ላለሁት ለእኔማ ጭራሽ አይመጣም ብዬ..."

"ወዳንተ ነው የዞረው! ተነስ!"

"እንግዲያው ወደ ሰሜን ልውጣ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው።"

ላፕቶፑን አየሁ። የመጨረሻዎቹ ነጠብጣቦች ሰሜን ይዘው ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላሉ። ሰሜን ከሄደ ከኋላው ይከተለዋል።

"ወደ ምዕራብ! ውሸትህን እውነት አድርጋት፣ ሂውስተን ግባ!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ጠዋትም ይህንኑ ነበር የጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እሱ ጉዞ ሲጀምር አዲስ ምስል መጣ፤ ዓይኑ የለም። ደመና ሸፍኖት ሁሉም ነጭ ሆኗል። ቀጣዩም ነጭ። ምናልባት ወደ ምዕራብ ተመልሶ ይሆን? ወንድሜን መንገዱ ላይ ሰድጄው ይሆን? ለዳዊት ልንገረው ወይስ ልተወው እያልኩ ስልኩን እንደጨበጥኩ ሳሎኑን ዞርኩት። በሦስተኛው ምስል ቀዳዳው ብቅ አለ፣ ከነጠብጣቦቹ በላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ተመስገን! ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ደወለ። ነፋሱ ሁለቴ መስመር አስቶት ነበር፤ አሁን ግን ቴክሳስ ገብቷል፣ ሰማዩም ጠርቷል። ሰደብኩት፣ መረቅኩት፣ እንደገና ሰደብኩት።

"እሺ፣ ጥፋቴ ነው። ብቻ ለእማዬ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ደወለች። እነሱ ጋ ሊነጋጋ ነው።

"ቴሌቪዥን ላይ አሜሪካን ነፋስ ሲገለባብጣት አሳዩኝ። ዳዊት የት ነው ልጄ?"

እዚሁ ነው፣ ተኝቷል ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኒው ኦርሊንሱንም፣ ውሸቱንም፣ እኔ ተኛ ማለቴንም።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ። ተመስገን ነው።" ትንሽ ተነፈሰች። "አንቺ እውነቱን ከነገርሽኝ እንግዲህ እኔም እንዳትጨነቂ ብዬ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሻል?"

"ቁጭ ብያለሁ" አልኳት። ቆሜ ነበር።