እልልታ በሬስሊንግ አዳራሽ

ሃይስኩል እያለሁ ቀን ኦሮራ ከተማ ባለው ትምህርት ቤቴ ውስጥ ሬስሊንግ እታገላለሁ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ዴንቨር ሄጄ ጁጂትሱ የሚባል ሌላ የትግል ዓይነት እሰለጥናለሁ። እናቴ ከሆስፒታል ስራዋ እንደወጣች፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር፣ ጁጂትሱ ቤቱ መጥታ ትጠብቀኛለች። ጁጂትሱ ላይ በጀርባህ ተኝተህም ከስር ሆነህ ታሸንፋለህ። ሬስሊንግ ላይ ግን ሁለቱ ትከሻህ ምንጣፉ ላይ ከተያዘ አለቀልህ።

አንድ ቀን ሴንቴኒያል ከተማ ሄደን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስንጋጠም እናቴ ሬስሊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ መጣች። እኔ ሆዬ፣ ተጋጣሚዬ ልጅ ሲገፋኝ በጁጂትሱ ልማዴ ተንጋልዬ ወገቡን በእግሬ ቆለፍኩት። ዳኛው ምንጣፉን በመዳፉ መታ። ተሸነፍኩ።

ውድድሩ በልጁ ትምህርት ቤት ስለሆነ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በመሃል ከኋላ ወንበር እልልታ ተሰማ። እናቴ ናት። ዳኛው የልጁን እጅ ሲያነሳ ጭራሽ ባሰባት። አሰልጣኜ ዞሮ ሲያየኝ አጎንብሼ ያልተፈታ የጫማ ክሬን ማሰር ጀመርኩ። የልጁ አያት ደግሞ ለእነሱ ደስ ያላት መስሏቸው መጥተው አቀፏት። እሷም አገላብጣ ሳመቻቸው።

ከስር የሆነው ያሸነፈ መስሏት ነው ብዬ አዘንኩላት። መኪና ውስጥ እንደገባን፣ «ማሚ፣ እኔ እኮ ተሸንፌ ነው» አልኳት።

«ዳኛው የማንን እጅ እንዳነሳ ያላየሁ መሰለህ?» አለች ቀበቶዋን እያሰረች።

«ታዲያ ለምን እልል አልሽ?»

«ልጁማ አዳራሽ ሙሉ የሚያጨበጭብለት ሰው ነበረው።»