ድንጋዩ የታሰረ ጊዜ

አክስቴ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር የበግ ጠጉር ትነግድ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንንም የማትፈራ ሴት ሆናለች። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም እሷ ቤት ነው።

አንድ ጊዜ መርሐ ቤቴ ለቅሶ ደርሳ በጀማ ገደል ስትመለስ፣ ነጩ ድንጋይ የተናደበት ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ ተንሸራታ ጣለቻት። እጇ ያረፈው የድስት ክዳን በሚያህል፣ እንደ በግ ቀንድ በተጠቀለለ ድንጋይ ላይ ነበር። ከወደቅሁ አይቀር ባዶ እጄን አልነሣም ብላ ጭናው መጣች። ቤት ስትደርስም ጠጉር የምታጭቅበት በርሜል ክዳን ላይ አስቀመጠችው።

ጠጉር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያየው ጀመር። አንዱ ጻድቅ የረገመው እባብ ነው አለ። አክስቴ እባብነቱን ወደደችለት፤ ለሚመጣው ሁሉ ራሱ በየት በኩል እንደሆነ ታሳይ ነበር። ወሬው እየዞረ ቀበሌ ሲደርስ ግን እባብነቱ ቀርቶ ፈንጂ ሆኗል።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ጠመንጃ አንግተው መጡ። ሊነኩት ስለፈሩ ለራሷ አሸከሟትና እነሱ ራቅ ብለው ከኋላ ተከተሏት። እሷ ቶሎ ስትራመድ እነሱም ቶሎ ይላሉ፤ አረፍ ስትል ይቆማሉ።

ቀበሌው አንዲት የእስረኛ ክፍል ነበረችው። ውስጧ ያለው ጎረቤቱን ሰደበ የተባለ አንድ ሸማኔ ብቻ ነው። ድንጋዩን ሲያስገቡበት ሸማኔው ፈንጂም ይሁን እባብ አብሬው አላድርም ብሎ በሩን ይደበድብ ጀመር። ሊቀመንበሩ፣ ቀድሞ አናጺ የነበሩ ጠንቃቃ ሰው፣ ነገሩን አወጡ አወረዱ። እስረኛ በፈንጂ ቢሞት ያስጠይቃል፤ ፈንጂ ውጭ ቢያድርም ያስጠይቃል። በመጨረሻ ሸማኔውን ፈቱና በድንጋዩ ላይ ቆለፉበት። ሰው በትንሽ በትልቁ ታስሮ የት እንደደረሰ በማይታወቅበት ዘመን ይህን ስንሰማ መሳቅም መፍራትም አቃተን።

በማግስቱ እኔ ተጠራሁ። ምንነቱን ለይተህ አስረዳ ተባልኩ።

ገና ሳየው አወቅሁት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ከመሳቢያ አውጥተው ያሳዩን ነበር፤ አሞናይት የሚባል፣ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የጥንት እንስሳ ቅርፊት ነው። የጠፋ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ነገር ግን ደስታ ማስረጃ አይሆንም። በውሃ አጥቤ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። ጎድን ጎድኑ ጠራ፤ የላይ ልጡ በተነሣበት በኩልም የቅርፊቱ የውስጥ ክፍሎች ግድግዳ የሠራው፣ እንደ ቅጠል ዳር የተቆራረጠ መስመር ወጣ። በዚህ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። እኔ ግን የኖራ ድንጋይ መሆኑንም ላሳይ ብዬ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ያመጣሁትን አሲድ ጠብ አደረግሁበት።

ድንጋዩ ፍሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ። አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሁለተኛው በሩን አልፎ ሄዷል።

ሊቀመንበሩ ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ፣ “ጓድ መምህር፣ ሕይወት አለው ማለት ነው?” አሉኝ።

“የለውም፤ ከሞተ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈውታል።”

“ማን ገደለው?”

ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ማንም እንዳልገደለው፣ በባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ እንደነበረ፣ ይህ ሁሉ አገር በዚያን ጊዜ ባሕር እንደነበረ አስረዳሁ። ባሕር የሚለው ቃል ክፍሉን ቀዝቀዝ አደረገው፤ የባሕር ነገር ሲነሣ ያን ጊዜ ሰው ወደ ሰሜን ጦርነት ነበር የሚያስበው። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባሕሩ የነበረው በየትኛው ሥርዓት እንደሆነ ጠየቁኝ።

“ከፊውዳሉ በፊት ነው” አልኩ። ሌላ የመጣልኝ መልስ አልነበረም።

ፊታቸው ፈካ። ለጸሐፊያቸው፣ ከፊውዳሉ ሥርዓት በፊት የኖረና በተፈጥሮ ሞት የሞተ የባሕር እንስሳ ብለህ ጻፍ አሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የተሻለ አጭር መግለጫ አላነበብኩም።

ነገር ግን አንድ ጊዜ የታሰረ ያለ ዋስ አይለቀቅም። አክስቴ ፈርሚ ስትባል እምቢ አለች፤ እሷ ያመጣችው እባብ ነው፣ ለማታውቀው ዓሣ አትዋስም። ዓሣም አይደለም ብዬ ልጀምር ስል በዓይኗ ዝም አሰኘችኝና፣ “ያስተማርንህ ድንጋይ ዋኘ እንድትለን ነው?” አለችኝ። በመጨረሻ ዋሱ እኔ ሆንኩ። በተፈለገ ጊዜ ላቀርበው፣ ከጠፋ በእግሩ ልገባ ፈረምኩ። እግር እንዳልነበረው መናገሩ ተገቢ አልመሰለኝም።

ድንጋዩን ተሸክሜ ከአክስቴ ጋር በዋናው መንገድ ወጣን። ነገሩን የሰሙ ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ቆመዋል። አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አሮጊት ተጠግታ ምን ተባለ ብላ ጠየቀች። አክስቴ ማመኑ እየከበዳት፣ “ድሮ ነው የሞተው አሉ” አለቻት።

አሮጊቷ የተሸከምኩትን አየችና “ነፍስ ይማር” አለች።

ክብደቱ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ነበር። አሜን ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።